እጅ ሥራ ሲያገኝ

ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ እየቆጠሩ «ምንም አለማሰብ»፣ ሜዲቴሽን የሚባለው ነገር፣ ለእኔ አልሆነም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው ሰላም አይደለም፤ ያልተዘጋ ሒሳብ ነው። የወር መጨረሻ ሪፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ ጠዋት ከእናቴ ጋር የተነጋገርነው ነገር፣ ሁሉም ተራ ይዞ ይጠብቀኛል። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚሆንላችሁ ታድላችኋል፣ ቀጥሉበት። ይሄ ጽሑፍ ለቀረነው ነው፤ እጃችን ሥራ ካልያዘ ሐሳባችን አልቀመጥ ለሚለን።

እኔን ያስቀመጠኝ ቢክ እስክሪብቶና ሊጣል የነበረ ወረቀት ነው። ላቢሪንት እሥላለሁ።

ላቢሪንት ስል የልጆች መጽሔት ላይ ያለውን «ጥንቸሏን ወደ ካሮቱ አድርሷት» የሚለውን ጨዋታ ማለቴ አይደለም። እዚያ መንገዱ ይከፋፈላል፣ ግማሹ ዝግ ነው፣ ትገባላችሁ ትመለሳላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ተናዳችሁ ከመድረሻው ወደ ኋላ ትጀምራላችሁ። እኔ የምለው አንድ መንገድ ብቻ ያለውን ነው። አንድ መግቢያ፣ አንድ መሃል፣ በመካከላቸው ደግሞ የሚጠማዘዝ፣ የሚርቅ፣ የሚቀርብ፣ ግን የትም የማይከፈል መንገድ። መሳሳት አይቻልም። መምረጥም የለም። ከገባችሁ ትደርሳላችሁ፣ ከደረሳችሁ በገባችሁበት ትወጣላችሁ፣ በቃ።

ነገሩ የዛሬ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ግሪክ አገር ፒሎስ የሚባል ቦታ፣ በአንድ የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘ የሸክላ ጽላት አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት አካባቢ የተጻፈ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ጭቃው አብሮ ተጠብሶ ጠነከረ፣ በዚያ ምክንያት ነው እስከ ዛሬ የቆየው። ፊቱ ላይ ያለው የሰዎች ስምና የፍየል መዝገብ ነው። ጀርባው ላይ ግን ባለ አራት ማዕዘን ላቢሪንት ተጭሮበታል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ጸሐፊው ፍየል ሲቆጥር ውሎ መሮት፣ ጽላቱን ገልብጦ ሲሥል ታየኝ። እኔም የጀመርኩት በተበላሸ ቫውቸር ጀርባ ላይ ነው።

ክኖሶስ የምትባለው የቀርጤስ ደሴት ከተማ ደግሞ ይሄንኑ ምስል በብር ሳንቲሞቿ ላይ ታትም ነበር። አፈ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ ዳይዳሎስ የሚባለው የእጅ ባለሙያ ሰው ገብቶ የማይወጣበት ላቢሪንት ሠራ፣ ውስጡ የበሬ ራስ ያለው ሚኖታውር ተቀመጠ፣ ቴሴዎስ ገብቶ ገደለው፣ የተመለሰው ደግሞ አሪያድኔ በሰጠችው ክር ነው። ታዲያ ከሳንቲሞቹ ብዙዎቹ ላይ የሚታየው ላቢሪንት አንድ መንገድ ብቻ ያለው ዓይነት ነው። ምን ክር ያስፈልገዋል? ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን እየዳበሰ ቢሄድ ይወጣ ነበር። ክሩ ለመንገድ ሳይሆን ለፍቅር ነው ብዬ ደምድሜያለሁ፣ የምትቃወሙ ተቃወሙ።

እሺ፣ አሣሣሉ። ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ቢቻል ወረቀት ይዛችሁ።

ከወረቀቱ መሃል ትንሽ ዝቅ በሉና መስቀል ሥሩ፣ ማለትም የመደመር ምልክት (ፖለቲካ አላወራሁም)። መስቀሉ ወረቀቱን አራት ቦታ ይከፍለዋል አይደል? በእያንዳንዱ ቦታ ውስጥ አንድ ማዕዘን ሥሩ፣ ጉልበቱ ወደ መስቀሉ መሃል የዞረ፣ አንዱ ክንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የተዘረጋ። ከአራቱ ማዕዘኖች ውጭ ደግሞ አራት ነጥብ አድርጉ፣ ነጥቦቹ ቢገናኙ ካሬ እንዲሆኑ። ይሄ ዘሩ ነው። ከላይ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ብትቆጥሩ፦ ነጥብ፣ የማዕዘን ጫፍ፣ የመስቀል ጫፍ፣ የማዕዘን ጫፍ፣ ነጥብ። በግራ ጎንም፣ በቀኝ ጎንም ከላይ ወደ ታች እንዲሁ ነው።

አሁን የመስቀሉን የላይኛውን ጫፍ በስተቀኝ ካለው የማዕዘን ጫፍ ጋር በትንሽ ቅስት አገናኙት። ከቅስቱ ሥር ያለችው ክፍት ቦታ መሃሉ ናት፣ መድረሻው። ቀጥሎ ከመስቀሉ በስተግራ ያለውን የማዕዘን ጫፍ ያዙና በመጀመሪያው ቅስት ላይ አልፋችሁ የቀኙ ነጥብ ላይ ሂዱ። ከዚያ የግራው ነጥብ፣ በሁለቱ ቅስቶች ላይ ዞሮ፣ በቀኝ ጎን ከነጥቡ በታች ወዳለው ጫፍ። ከዚያ በግራ ጎን ቀጥሎ ያለው ጫፍ፣ በቀኝ ጎን ቀጥሎ ካለው ጋር። ሕጉ ይሄ ብቻ ነው፤ በግራ አንድ ጫፍ ትወርዳላችሁ፣ በቀኝም አንድ ጫፍ ትወርዳላችሁ፣ ቅስት አትዘሉም፣ ጫፍ አትዘሉም። ጎኖቹ ሲያልቁ በታች በኩል ዞራችሁ ትጨርሳላችሁ። የመጨረሻው ቅስት ሁሉንም ከብቦ የመስቀሉ እግር ላይ ያርፋል። ስምንት ግድግዳ፣ በመካከላቸው ሰባት ዙር መንገድ። መግቢያው ከመስቀሉ እግር በስተግራ ያለው ክፍተት ነው።

የበዛባችሁ እንደሆነ ማዕዘኖቹን ተዉአቸው። መስቀልና አራት ነጥብ ብቻ አድርጋችሁ በዚያው ሕግ ብትሄዱ አራት ቅስት ይወጣል፣ መንገዱ ሦስት ዙር ይሆናል። ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። የእጅ ማሟሻ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የምትሥሉት መንገዱን አይደለም፣ ግድግዳውን ነው። መንገዱ በግድግዳና በግድግዳ መካከል ሳይነካ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ስትሥሉ መንገዱ አይታያችሁም። ስድስተኛው ቅስት ላይ እንኳ «ይሄ ነገር የት ሊሄድ ነው?» ትላላችሁ። ስምንተኛው ሲያርፍ ድንገት ሁሉም ይገባችኋል። ስንት ጊዜ ሥዬው አሁንም ያስደስተኛል።

ለምን እንደሚያረጋጋ ራሴን ስታዘብ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ሥራው ልክ ነው። ከባድ ቢሆን እንጨነቃለን። ቀላል ቢሆን፣ ለምሳሌ ዝም ብሎ ክብ በክብ መሣል ቢሆን፣ እጅ ብቻውን ይሠራና ሐሳብ ተመልሶ ወደ ቤት ኪራዩ ይሄዳል። ላቢሪንት ግን በእያንዳንዱ ቅስት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቀጣዩ ጫፍ የቱ ነው? ጥያቄው ትንሽ ነው፣ ግን ካልመለሳችሁት ቅስቱ የትም አያርፍም። «ግራ ቀጣይ፣ ቀኝ ቀጣይ» እያልኩ በአፌ አጉተመትማለሁ። ያን እያልኩ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም፣ አፌም ዓይኔም እጄም ተይዟል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። የመጀመሪያው ቅስት ጥፍር ታክላለች። ስምንተኛው ወረቀቱን በሙሉ ይዞራል። አንድ ቅስት በአንድ ትንፋሽ እሥላለሁ፤ ሳወጣ ቢኩ ይንቀሳቀሳል፣ ስስብ እጄ ይነሳል፣ ቀጣዩን ጫፍ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ትንፋሼ ከቅስቱ ጋር እያደገ ይሄዳል። ማንም «አሁን በረጅሙ ተንፍሺ» አላለኝም፣ ወረቀቱ ራሱ ያስረዝመዋል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ትንፋሼ ካልበቃኝ እጄን ሳላነሳ ባለሁበት ቆሜ እስባለሁ፤ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሎ ይቀራል። የድሮዎቹን ገልጬ ሳይ የትኛው ቀን ትንፋሼ አጥሮ እንደነበር በዚያ ጥቁረት አውቃለሁ።

ቸኩላችሁ የሣላችሁት ደግሞ ወዲያው ያሳብቃል። ከላይ በኩል፣ ቅስቱ የሚጎብጥበት ላይ፣ መስመሩ ወደ ታችኛው መስመር ይጠጋና መንገዱ ይጠባል። ካነካካችሁት መንገዱ ይዘጋል። እኔ አልቀደውም፣ አላጠፋውም። ጠባብ መንገድም መንገድ ነው፣ ጣት ካላሳለፈ የቢክ ጫፍ ያሳልፋል። ማስመሪያና ኮምፓስ ግን አትጠቀሙ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሐንዲስ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ አይቶኝ በማግሥቱ በኮምፓስ የተሠራ፣ መስመሩ ሁሉ ሚሊሜትር የተለካ ይዞ መጣ። በጣም ያምራል። «አረጋጋህ?» ብለው «ኧረ አናደደኝ፣ መሃሉ አልገጥም ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ» አለ። እሱ ፕሮጀክት ነው የሠራው።

ከሣላችሁ በኋላ በጣት መሄድ አለ። ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ ለሚኒባስም ይሆናል። እኔ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1,850 አካባቢ ያወርዳችኋል፤ ጉም ውስጥ ጃኬት ዘግታችሁ ትሳፈራላችሁ፣ ስትወርዱ ጃኬቱ ክንዳችሁ ላይ ነው። ሚኒባስ ውስጥ መሣል አይቻልም፣ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ እንኳን ቅስት ፊርማም አይወጣም። ስለዚህ አንዱን ካርቶን ላይ ሥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፣ በሌባ ጣቴ እሄድበታለሁ።

ሐረጎን የወረደ ሰው ላቢሪንትን ለማስረዳት አያስቸግርም። ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታ ትታያለች፣ «ደረስን» ትላላችሁ፣ ሹፌሩ መሪውን ያዞርና ጀርባችሁን ሰጥታችኋት ወደ ተራራው ትመለሳላችሁ። ከቆይታ በኋላ ደግሞ በሌላ በኩል ብቅ ትላለች፣ አንዳንዴ ከቅድሙ የራቀች መስላ። ላቢሪንቱም ተንኮሉ ይሄው ነው። ዙሮቹን ከውጭ ወደ ውስጥ ከ1 እስከ 7 ብትቆጥሯቸው መንገዱ በተራ አይሄድም። መጀመሪያ 3ኛው ላይ ይገባል፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1፤ ማለትም በገባችሁ ቁጥር ወደ ውጭ ነው የሚገፋችሁ። ከዚያ 4፣ ከዚያ ዘሎ 7። 7ኛው ዙር መሃሉን ታኮ ነው የሚያልፈው፣ በመካከላችሁ አንድ ግድግዳ ብቻ አለ፣ ጣታችሁ መድረሻውን ዞሮት ያልፋል፣ አይገባም። ይመለሳል፤ 6፣ 5። ወደ መሃል የሚገባው ከ5ኛው ነው።

እኔን የሚይዘኝ ያ 7ኛው ዙር ነው። መጀመሪያ ሰሞን እዚያ ስደርስ ጣቴ ይፈጥን ነበር፣ «ደረስኩ» ብሎ። አሁንም አንዳንድ ቀን ይፈጥናል። ስሜቴን የማየው እዚያ ላይ ነው። የደከመኝ ቀን ከመሃሉ ስርቅ እናደዳለሁ፣ በወረቀት! ደህና ቀን ከሆነ ደግሞ ሳላስተውለው አልፋለሁ። ሌላ የሚገርመው፣ መንገዱ እጥፍ ብሎ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ዙር የሚመለስባቸው አራት ቦታዎች መጀመሪያ ያደረጋችኋቸው አራት ነጥቦች ናቸው። ስትሠሯቸው ምንም አይመስሉም።

ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ታዛቢዬ ጎረቤታችን ናት፣ ማለት ናቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ቡና እየጠጣን ደብተሬን ከጠረጴዛው አነሱና ራቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? ክታብ ጀመርሽ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ሥዕል ነው።»

«የምን ሥዕል? ሰው የለው፣ ዛፍ የለው። አዑዙ ቢላህ።»

አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ጠመዝማዛ መስመር ያለበት ወረቀት ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ደብተራ ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት በክታብ ጥቅልሎች ላይ ይጻፋል፤ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠምዳል ተብሎ ነው። በጥቅልሎቹ ላይ የተጠላለፉ መስመሮችና የሚያፈጡ ዓይኖች ይሣላሉ። የእኔ ዓይን የለውም፣ ማንንም አያጠምድም፣ ብዬ አስረዳኋቸው።

«መሃሉ ላይስ መስቀል አለበት» አሉ።

«የመደመር ምልክት ነው እማማ።»

እናቴ ከረከቦቱ ጀርባ ሳቀች። «ለእሷ ሁሉም ሒሳብ ነው፣ ተያት» አለቻቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንቺ ተባብለው ነው የሚጠራሩት፣ አንዷ በጾም ሌላዋ በረመዳን እየጠበቀች።

«በጣትዎ ይሂዱበት» አልኳቸው። ሙስበሃቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና የቀኝ ጣታቸውን መግቢያው ላይ አደረጉ። ጣታቸው ከመንገዱ ስለሚሰፋ ግድግዳውን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ግን አልጠፉም፣ በጥፍራቸው ጫፍ ነው የሚሄዱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ መንገዱን የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር፤ ሱብሃነላህ እያሉ ነው። መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግራ እጃቸው ላይ አንድ ፍሬ ይወርዳል። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ መሃል ገቡ።

«ደረስኩ?»

«ደርሰዋል።»

«መመለሻውስ?»

«በዚያው ነው።»

«እንግዲያ ጥሩ ነው» አሉ፣ «ገብቶ መቅረት ነው ክፉው።» ከዚያ ደብተሬን ዘግተው ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

እሳቸው ሙስበሃ፣ እናቴ መቁጠሪያ። ሁለቱም «ሜዲቴሽን» የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፣ ግን እጅ ሥራ ከያዘ ልብ እንደሚሰበሰብ ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ኢንተርኔት ላይ ስንት ነገር ካገላበጥኩ በኋላ የደረስኩበትን እነሱ ቡና እያፈሉ ነው የሚያደርጉት። እንደው ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ከእኛው አካባቢ ሌላም አለ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ብራና የዚያ ገዳም ሀብት ነው። ሴት ስለሆንኩ ገዳሙ ውስጥ አልገባም፣ የብራና ሐረግ ያየሁት በፎቶ ነው፣ ከተለያዩ ገዳማት መጻሕፍት። ሐረግ የምንለው በገጹ አናት ላይ፣ ጽሑፉ ሲጀምር፣ በቀይና በሰማያዊና በቢጫ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ ነው፤ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በሥሩ ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ላቢሪንት አይደለም፣ መሃል የለውም፣ መግቢያም የለውም። ግን አንዱን ሐረግ በቢክ ለመገልበጥ ሞክሩ፣ «በላይ፣ በሥር፣ በላይ፣ በሥር» ማለት ትጀምራላችሁ። ያው ሥራ ነው። ላቢሪንት የሰለቸው ሰው ወደ ሐረግ ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ሩቅ ለሚያምረው ደግሞ ሩቁም አለ። ፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነጠፈ የድንጋይ ላቢሪንት አለ፣ ስፋቱ 13 ሜትር የሚጠጋ፣ 11 ዙር ያለው፣ መንገዱ ተዘርግቶ ቢለካ ከ260 ሜትር የሚበልጥ። ብዙ ቀን ግን ወንበር ተደርድሮበት ነው የሚውለው፣ ተጓዡ ከሩቅ መጥቶ የሚያየው የወንበር እግር ነው። ስዊድን ውስጥ በባሕር ዳርቻ በድንጋይ የተሠሩ ብዙ አሉ፤ ዓሣ አጥማጆች መጥፎውን ነፋስ እዚያ ውስጥ አስረው ይወጡ ነበር ይባላል። ደቡብ ሕንድ ደግሞ ሴቶች በየማለዳው በራቸው ላይ በሩዝ ዱቄት ኮላም ይሥላሉ፣ ነጥብ ያደርጉና በነጥቦቹ ዙሪያ መስመሩን ያዞሩታል። እግር ረግጦት፣ ወፍ ለቅሞት ያልቃል፣ በማግሥቱ እንደገና ነው። ዱቄቱን ለእናቴ ስነግራት «ሩዝ በዚህ ዋጋ!» አለች።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ ፈረንጆቹ ዘንድ ላቢሪንት እንደገና ገኗል፣ በቤተ ክርስቲያንም በሆስፒታል ግቢም ይሠራል፣ እሰየው። ግን በዚያው ልክ የሚሸጡት በዝተዋል። ይሄ ላቢሪንት ኃይል ይሰጣል፣ ያኛው ዕጣ ፈንታ ይከፍታል፣ ይሄን ኮርስ ግዙ። ወረቀትና ቢክ ነው እኮ! አንድ ብር የሚያስወጣ ነገር የለውም። በሽታም አያድንም። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ እዚህ ደሴ የሆነውን የነበርን እናውቀዋለን፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት መኪና ሲንኳኳ ቶሎ የማይተኛ ስንት ሰው እንዳለ በየቤቱ ጠይቁ። እኔም አንዷ ነኝ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነስቼ መሣሌ ረድቶኛል፣ ምክንያቱም ጨለማ ውስጥ ጣራ እያዩ ከመጠበቅ ይሻላል። ግን ቅዠትና ድንጋጤ የጸናበት ሰው ሐኪም ዘንድ ነው የሚሄደው። ላቢሪንት ሣል ብሎ መላክ ነውር ነው።

ሐሳብንም አያጠፋም። ሐሳብ ይመጣል፣ አምስተኛው ቅስት ላይ ያ ያልተከፈለ ዕዳ ይመጣል። ልዩነቱ፣ ጫፍ መፈለግ ስላለባችሁ ለረጅም ጊዜ አታስተናግዱትም። ቁጭ በል ሳትሉት ይሄዳል።

መብራት ሲጠፋ ይበልጥ ይሆናል። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል ጉሙ ወርዶ ከመስኮቱ ውጭ ምንም ሳይታይ፣ ስልኬም ቻርጅ ሳይኖረው፣ ሻማ ለኩሼ የሣልኳቸው ከሁሉም ይሻሉኛል። ሻማው የእጄን ጥላ ወረቀቱ ላይ ስለሚጥል ቀጣዩ ጫፍ አይታየኝም፣ እየዞርኩ መፈለግ አለብኝ፣ ስለዚህ አልቸኩልም። ግራኝ ስለሆንኩ ቀለሙን በመዳፌ ጠርዝ እየጠረግኩት ነው የምሄደው፣ ጠዋት መዳፌ ሰማያዊ ነው። ቢሮ ስገባ «ደግሞ ሥለሽ አደርሽ?» ይሉኛል።

ስለ ወረቀት ላስታውሳችሁ። ባለ መስመር ደብተር አይመቸኝም፣ መስመሩ ዓይን ይስባል። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ዘሩን ለማመጣጠን ይረዳል፤ ከለመዳችሁ በኋላ ግን ነጭ ወረቀት። ዘሩን አታተልቁት፤ መስቀሉ ከአውራ ጣታችሁ ቁመት ካለፈ ስምንተኛው ቅስት ከወረቀቱ ይወጣል። እርሳስ አትጠቀሙ፣ ላጲስ ካለ እጅ ይሰንፋል።

ሰባቱ ዙር ሲለመድ፣ ሲለመድ ማለቴ «ግራ ቀጣይ፣ ቀኝ ቀጣይ» ሳትሉ እጃችሁ ብቻውን ሲሄድና ሐሳባችሁ ተመልሶ መንከራተት ሲጀምር፣ ዘሩን አሳድጉት። በእያንዳንዱ ማዕዘን ውጭ፣ ከነጥቡ በፊት፣ አንድ ተጨማሪ ማዕዘን ጨምሩ። ሕጉ ያው ነው። ቅስቱ 12፣ ዙሩ 11 ይሆናል። የሻርትሩም 11 ዙር ነው፣ ግን እሱ ሌላ አሠራር ነው፣ ከዚህ ዘር አይወጣም፣ እንዳትደባልቁት። ባለ 11ዱን በኤ ፎር ወረቀት አትሞክሩት፣ ይጠብባል። እኔ የፓስታ ካርቶን ዘርግቼ ጀርባው ላይ ነው የምሥለው፣ ሱቅ ጠይቁ፣ በነጻ ይሰጧችኋል፤ ቢኩ ካርቶን ላይ ስለሚይዝ ግን ወፈር ያለ ማርከር ያዙ።